እሁድ እሁድ የሚያም ጉልበት

ውድ አብዱልቃዲር፣

አራት ዓመት ሙሉ ዋሽተኸኛል። እኔ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ግቢዬ እየገባህ መኪናዬን ፈትተህ ጠግነሃል። ሰኞ ሰኞ ሻይ ቤት ተቀምጬ "በገዛ እጄ አዳንኳት" እያልኩ ስኩራራ ደግሞ አጠገቤ ሆነህ ሰምተኸኛል። የሰውን ሞኝነት እያወቁ ዝም ማለት በደል ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ከዚህ በታች የሚመጣው የእኔ በደል ስለሚበልጥ ያንተ እንዳይረሳ ብዬ ነው።

"ውድ" ብዬ ለማንም ጽፌ አላውቅም። ለልጄ ለዮዲ እንኳ ስሟን ብቻ ጽፌ ነው የምጀምረው። ለአንተ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ደብዳቤውን ራስህ አንብበው፤ ለሌላ ሰው አታስነብበው።

የምታውቀውንም ቢሆን ከእኔ ስማው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ፓምፑን የተማርኩት ከሌላ ከተማ የሚላከው መካኒክ ሲፈታው ቆሜ በማየት ነው። በኋላ መካኒኩ መምጣቱን ተወ፣ ፓምፑ ግን መሥራቱን አልተወም። ከዚያ ወዲህ ዓይን ያለው ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም ብዬ አምኜ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ወደ ጎጃም የሚመለስ አንድ መምህር ያችን ትንሽ ነጭ መኪና ሸጠልኝ። ያኔም አሮጊት ነበረች።

አሮጌ መኪና ሁለተኛ ትዳር ናት። ዛሬ ራዲያተሯ ያፈስሳል። እሱን ስትደፍን ቺንጊያዋ ይበጠሳል፤ ቺንጊያውን ስትቀይር ሞተሪኖው አልነሳም ይላል። ቦሎ አለ፣ መድን አለ፣ የነዳጅ ወረፋ አለ። የሁለት ጎማ ዋጋ ዛሬ እኔ መኪናዋን የገዛሁበት ነው። ለመካኒክ የምከፍለው ስለሌለኝ ነው ብትል ግን ልክ አይደለህም። ቢኖረኝም አልከፍልም ነበር። የፈታሁትን ዕቃ መልሼ ከመግጠሜ በፊት በሞረድ ሦስት ጊዜ እጭረዋለሁ፤ ስለ ሥላሴ። ጭረቱ ያለበት ዕቃ በእጄ ያለፈና የማምነው ነው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንተም ታውቀዋለህ።

በገራዥህ በር ባለፍኩ ቁጥር ከመኪና ሥር ብቅ ትልና፣ መዳፍህ ቅባት ስለሆነ የእጅህን አንጓ ትዘረጋልኝ ነበር። አንጓህን እጨብጥና አልፋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሰላም እንደተባባልን አላውቅም። መዳፍህን ጨብጬ አላውቅም።

ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀኸኛል። ሁለተኛው ጊዜ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር።

"ጋሼ፣ የፊት ጎማዋ ይወላገዳል። መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ቴስቲኒ አልቋል መሰለኝ። አምስት ደቂቃ ልየው?"

"አንተ ጡት ሳትጥል እኔ ፓምፕ እፈታ ነበር።"

"ፓምፕ እኮ ቁልቁለት አይወርድም ጋሼ።"

ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። እኔ ሦስት ወር ሰላምታ ነሳሁህ።

በዚያው ዓመት ለጥር ሥላሴ ከሚስቴ ከጥሩነሽ ጋር ወደ አሰቦት ገዳም ስንወርድ፣ ሚኤሶ ሳንደርስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። በማርሽ እየያዝኩ ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አላትሜ አቆምኳት። ጥሩነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ሞቆ ነው" አልኳት።

ሲቀዘቅዝ ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን አወጣሁና መንገድ ቀጠልን። ገዳሙ ደርሳ ተሳለመች፣ ስለትም ተሳለች። ስንመለስ ምን እንደተሳለች ጠየቅኋት።

"አንተን አይመለከትም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ሌላ ቀን ደህና ነች፤ ገበያ ትሄዳለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። እሁድ ጠዋት ግን መነሳት አትችልም። ለነፍስ አባታችን ነገርኩ። "ሚስቴ ሰንፋለች" አልኳቸው፣ በዚሁ ቃል። ከአሰቦት በጄሪካን ጠበል አመጣሁና እሁድ እሁድ ወደ ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት በዚያ በጭሮ ብርድ ጉልበቷ ላይ አፈስስ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ትቀበላለች። ከበሩ እስክወጣ ድረስ ታቃስታለች።

ደግሞም ታሳድጋቸው ከነበሩት በጎች ሁለቱን ጅብ በላቸው። እንዲህ ነው የነገረችኝ። ደም የለ፣ ፀጉር የለ፣ አጥንት የለ። "የዚህ አገር ጅብ ንጹሕ ነው" አልኩና ሦስት ሳምንት ድንጋይ ተሸክሜ በረቱን አጠርኩ። ወገቤ እስከ ዛሬ አልዳነም።

መኪናዋ ግን ዳነች። ቅዳሜ ከላይ ከላይ የነካካኋት መኪና ሰኞ እንደ ወጣት ትነሳለች። የሚሠራን ፓምፕ አትፍታ የሚል ሕግ አለኝ፤ ስለዚህ ጎማ አውርጄ ውስጡን አላየሁም። አምላክ እጄን ባርኮታል ብዬ ነበር። ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ከሥሯ ወጥቶ፣

"አባት፣ ማን ነው የሚሠራልዎት?" አለኝ።

"እኔው።"

"እንዲህ የተያዘች አሮጌ መኪና አላየሁም።"

ያን ቀን ሻይ ቤት ስገባ አንተ ነበርክ። ቃል በቃል ነገርኩህ። "ካንተ የምማረው የለኝም" ብዬም ጨመርኩበት። "ማሻ አላህ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" አልከኝና ዓይንህን ወደ ብርጭቆህ አወረድክ። እኔ ቅናት መስሎኝ ነበር፣ አብዱልቃዲር። ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ። ዮዲ ድሬዳዋ ወለደችና ጥሩነሽ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ሁለት ወር ተቀመጠች። ቤቱ ጭር አለብኝ። ከፊት ጎማ ትንሽ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁና ሥራ ፈትቼ ስለነበር አወረድኩት። የፍሬኑ ሸራ ላይ ጭረት የለም። ሌላውን ጎማ አወረድኩ፤ ጭረት የለም። ቴስቲኒው ላይ የለም፣ ቺንጊያው ላይ የለም፣ ራዲያተሩ እንኳ የእኔ አይደለም። ዘጠኝ ዕቃ ቆጠርኩ። አንዱም የእኔ አልነበረም።

የእኔው ዕቃ የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። መኪናዋ ከግቢዬ ወጥታ በሌላ ሰው እጅ የዋለችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተበስቶ፣ ብየዳ ስለሌለኝ፣ የካቲት ላይ አንተ ጋ ትቻት የሄድኩ ቀን። ኦርጅናሉን ፈትተህ ሸጠህ ተራ ዕቃ ገጥመህልኛል አልኩ። ስንቱ ሰው ላይ ደርሷል፤ እኔስ ላይ ለምን አይደርስም? በማግስቱ ሐሙስ ሃጂ ሳቢርንና አቶ ጎበዜን ሽማግሌ አድርጌ ገራዥህ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። የገበያ ቀን የመረጥኩት ሰው እንዲሰማ ብዬ ነው። አስቤበት ነው።

የተባባላችሁትን አልረሳሁም። አቶ ጎበዜ ናቸው የጀመሩት።

"የዋሲሁንን ፍሬን ቀይረሃል?"

"ቀይሬአለሁ።"

"ቴስቲኒውንስ?"

"እሱንም።"

"አሮጌውን የት አደረስከው?"

ወደ ገራዥህ በር ዞርክ። ሃጂ ሳቢር ለአንተ ወገን መሆን ፈልገው ነበር።

"ልጄ፣ ወስደህ ከሆነ መልስ። ካልወሰድክ ማልና ይብቃን።"

"አልወሰድኩም ሃጂ። ግን መሐላ ከገባሁ ሌላውንም እጠየቃለሁ። አማና አለብኝ፤ የሰው አደራ።"

"የማን አማና?"

"ከተናገርኩትማ ምን አማና ሆነ?"

"የሌባ አማና!" ብዬ ጮህኩ። ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ሳቁ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አቶ ጎበዜ "ይቅርታ ይጠይቀውና ይብቃ" ብለው ፈረዱ። አንተ ተነስተህ በርሜሉ ጋ ሄድክ። እጅህን በኦሞና በአሸዋ እስከ ክርንህ አሸህ፣ አሸህ፣ አለቀለቅህ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅሃል። ተመለስክና የታጠበውን መዳፍህን ዘረጋህልኝ። መዳፍህን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ይማሩኝ ጋሼ።"

"የሌባ እጅ አልጨብጥም" አልኩህ።

እጅህ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ንጹሑን እጅ ሱሪህ ላይ ጠረግኸው።

ወር ሳይሞላ ገራዥህ ተዘጋ። ሌባ የተባለ መካኒክ ጋ ማን መኪናውን ይተዋል? ቦርደዴ ወርደህ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ታወልቃለህ ሲሉኝ "ይበለው" አልኩ። ይህንም ልትሰማው ይገባል።

ጥሩነሽ ከድሬዳዋ ስትመጣ መናኸሪያ አልወጣሁም፤ መኪናዋን በታትኜ ዘጠኙን ዕቃ አንጥፌ እንዳስቀመጥኩ ነበር። ጓዟን ሳታወርድ አየቻቸው።

"ምን ሆነች?"

"ተሰርቃለች። አብዱልቃዲር ነው። በሽማግሌ ፊት አዋርጄ ከከተማ አስወጣሁት" አልኳት፣ እንድታመሰግነኝ እየጠበቅኩ።

ጓዟን መሬት ላይ ለቀቀችው። ጓዳ ገባችና የወተት ዱቄት ትልቅ ቆርቆሮ በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። እግሬ ሥር ዘረገፈችው።

"ቁጠር። ራዲያተሩ ብቻ አልገባበት ብሎ ጓዳ ቀርቷል።"

"ምንድን ነው?"

"ያንተ ነው። ጭረትህን እይ።"

የፍሬን ሸራው እስከ ብረቱ አልቆ እንደ ምላጭ ሆኗል፤ ጀርባው ላይ ሦስት ጭረት። ቴስቲኒውን ሳነሳው ኳሱ ከቤቱ ወልቆ ወደቀ፤ ሦስት ጭረት። ቺንጊያው በአንድ ክር ተይዟል። እነዚህን የገጠምኳቸውና ያመንኳቸው እኔ ነበርኩ። ሚስቴን አጠገቤ አስቀምጬ ቁልቁለት የወረድኩት በእነዚህ ነው።

"ከየት አመጣሽው?"

"እሁድ እሁድ ከሚያመኝ ጉልበቴ።"

መቀመጫ ፈለግሁ። እሷ አልተቀመጠችም።

"አንተ ቅዳሴ ስትገባ እሱ ይመጣል። ለእጁ ሥራ ሳንቲም አልተቀበለኝም፤ ዕቃውን ብቻ ነው የገዛሁት። የፈታውን ሁሉ 'እማማ፣ የጋሼ ንብረት ነው፣ ያስቀምጡት' ብሎ እጄ ላይ ይቆጥርልኛል። ለማንም እንዳይናገር፣ ለሚስቱም እንኳ፣ ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

"በጎቹስ?"

"የትኞቹ በጎች?"

"ጅብ የበላቸው።"

"አንዱ ፍሬን ሆኗል። አንዱ ራዲያተር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱ ሁለቴ ነግሮህ የለ? ምን አደረግከው?" አለችኝ። ከዚያ የወደቀውን ኳስ አንስታ፣ "አሰቦት ላይ የተሳልኩት ቁልቁለት ላይ ሳይሆን በአልጋህ እንድትሞት ነበር፣ ዋሲሁን። አንተን አይመለከትም ያልኩህ እሱን ነው" አለች።

በማግስቱ ቤትህ ሄድኩ። ሚስትህ ፋጤ በር ላይ ሽንኩርት ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አየችኝና እንደ ወትሮዋ "እርስዎ" አላለችኝም።

"ማንን ፈለግክ?"

"አብዱልቃዲርን።"

"ቦርደዴ ነው። የሌባ ቤት ልትፈትሽ ከሆነ ግባ፣ በሩ ክፍት ነው።"

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አልሰረቀም።"

ቆርቆሮውን አሳየኋትና የሆነውን ነገርኳት። ሽንኩርቱን ተወችው። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና፣ "ወላሂ፣ እኔም ጠርጥሬው ነበር" አለች። "ለምን አልማልክም ስለው ዝም ይለኛል። እኔም ሚስቱ ጠርጥሬው ነበር።" ስታለቅስ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ "አቦ! ስድቡን ገበያ መሃል፣ ይቅርታውን በጓዳ? ሂድ፣ እዚያው አድርገው!" ብላ አባረረችኝ።

ልክ ነበረች። በሚቀጥለው ሐሙስ እነዚያኑ ሽማግሌዎች እዚያው ዛፍ ሥር አስቀመጥኩ። ቆርቆሮውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጉልበቱንም፣ ጠበሉንም፣ ጅቡንም አልደበቅሁም። ጅቡ ላይ ስደርስ ሰው ሳቀ። ሊስቅ ይገባል። ሃጂ ሳቢር ቴስቲኒውን አንስተው በጣታቸው ሲያገላብጡት ቆዩና፣ "እንግዲህ ካሳ የሚቆርጠው የተበደለው ነው። ውረድና ጠይቀው" አሉኝ።

ወርጄ ነበር፣ አብዱልቃዲር። ይህን አታውቅም። ባለፈው ማክሰኞ በሚኒባስ ቦርደዴ መጣሁ። ከአንድ ከባድ መኪና ሥር እግሮችህ ብቻ ይታዩኝ ነበር። የጫማህ ማሰሪያ ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። መንገዱን ብሻገር ሃያ እርምጃ ነው። ከማዶ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። ስትወጣ የመኪናው ሹፌር ወደ አንተ መጣ፤ አንጓህን ዘረጋህለት፣ ጨበጠው። ሳልጠጣው ተነሳሁና የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ተመለስኩ። በሕይወቴ ሰው ፈርቼ አላውቅም ስል ኖሬአለሁ። ይህም ውሸት ሆነ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ገራዥህን ለሌላ ሰው እንዳያከራይ ሃጂ ሳቢር ለባለቤቱ ነግረውታል። ሞረዱን ለጥሩነሽ ሰጠኋት፣ ቢላዋ ትስልበታለች። ጉልበቷ ድኗል፤ እሁድ ከእኔ ቀድማ ቅዳሴ ትደርሳለች። መኪናዋ እንደተበታተነች ግቢ ውስጥ አለች፤ አንድ ብሎን አልነካሁም፣ አልነካምም። አንተ ካልመጣህ እዚያው ትዝጋለች እንጂ ሌላ እጅ አይነካትም። አትምጣ የማለት መብት አለህ። ካሳውንም የምትቆርጠው አንተ ነህ፤ የቆረጥከውን አልከራከርም።

ከመጣህ ግን እሁድ አትምጣ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ና፣ ሰው ወደ ቅዳሜው ገበያ ሲያልፍ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ከመኪናዋ ሥር የምትተኛው አንተ ነህ፤ ቁልፍ የማቀብልህ እኔ ነኝ። ስትወጣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ አትጠይቅ፣ ጥሩነሽም አታመጣልህም፤ ነግሬአታለሁ። አንጓህን እንዳትዘረጋልኝ። መዳፍህን ከነቅባቱ ስጠኝ።

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ለአንተም ሆነ ለማንም አላነሳውም። አንተም አታንሳብኝ።

ዋሲሁን
ከጭሮ